ሮቦቶች በዓለም የሥራ ገበያ፦ ዕድገታቸው፣ ወጪያቸውና ለሠራተኛው ያላቸው ትርጉም

መግቢያ

የኢንዱስትሪና የአገልግሎት ሮቦቶች ቁጥር በዓለም ዙሪያ በከፍተኛ ደረጃ እያደገ ይገኛል። ይህንንም ተከትሎ ሮቦቶች የሰውን ሥራ ይተኩ እንደሆነ፣ የትኞቹ ሙያዎች ተፈላጊነታቸው እንደሚቀንስና የትኞቹ እንደሚጨምር ሥራ ፈላጊዎች፣ ወላጆችና አሠሪዎች በየጊዜው ይጠይቃሉ። ይህ ጽሑፍ የሮቦትን ምንነት፣ በዓለም ላይ ያለውን ሥርጭት፣ አንድ ድርጅት ሮቦት እንዲገዛ ወይም እንዳይገዛ የሚያደርገውን የወጪ ስሌት እንዲሁም በሠራተኞች ላይ የታየውን ለውጥ ያብራራል። አንድ ሥራ ወደ ሮቦት የሚተላለፈው ማሽኑ ሥራውን መሥራት መቻሉ ሲረጋገጥና በዚያ አገርና በዚያ ፋብሪካ በሮቦት ማሠራት ሲያዋጣ ነው። ዜጎች ስለ ሙያ ምርጫቸው ሲያስቡ ሁለቱንም ጉዳዮች በአንድነት ማየት ይኖርባቸዋል።

በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሮቦት ምንድን ነው?

«ሮቦት» የሚለው ቃል በስፋት የታወቀው የቼክ ጸሐፌ ተውኔት ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው «አር.ዩ.አር.» በተሰኘ ተውኔት አማካይነት ነው። ቃሉ የተወሰደው በቼክ ቋንቋ የግዴታ ሥራ የሚል ትርጉም ካለው «ሮቦታ» ከሚለው ቃል ነው።

በዛሬው የቴክኒክ አጠራር፣ አይ.ኤስ.ኦ. 8373 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት፣ የኢንዱስትሪ ሮቦት በራሱ የሚቆጣጠር፣ እንደገና ፕሮግራም ሊደረግ የሚችል፣ ለልዩ ልዩ ተግባር የሚውልና ቢያንስ በሦስት የእንቅስቃሴ አቅጣጫዎች የሚሠራ ማሽን ነው። በመሆኑም ጠርሙስ ብቻ የሚሞላ ወይም ክር ብቻ የሚፈትል አውቶማቲክ ማሽን ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን ሮቦት አይባልም። ሮቦት ዛሬ ብየዳ ሲሠራ ቆይቶ የእጁ ጫፍ ሲቀየርና አዲስ ፕሮግራም ሲሰጠው ነገ ካርቶን ሊደረድር ይችላል።

የአገልግሎት ሮቦት ደግሞ ከፋብሪካ የምርት ሥራ ውጭ ለሰዎች ወይም ለተቋማት ጠቃሚ ተግባር የሚያከናውን ነው። በመጋዘን ዕቃ የሚያጓጉዙ፣ በሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና የሚያግዙ፣ ወለል የሚያጸዱና ላም የሚያልቡ ሮቦቶች በዚህ ምድብ ይካተታሉ።

2. የኢንዱስትሪ ሮቦት አጀማመር

አሜሪካዊው የፈጠራ ባለሙያ ጆርጅ ዴቮል ለመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ሮቦት መሠረት የሆነውን የፈጠራ መብት ማመልከቻ ያቀረበው በ1954 ነበር። ከመሐንዲሱ ጆሴፍ ኤንገልበርገር ጋር በመተባበር የተሠራው «ዩኒሜት» የተባለው ሮቦት በ1961 በኒው ጀርሲ ግዛት በሚገኝ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ተግባሩም በከፍተኛ ሙቀት ከቅርጽ ማውጫ የሚወጡ የብረት ክፍሎችን ማንሳት ነበር። ሥራው ለሠራተኞች አደገኛና አድካሚ ስለነበር ለማሽን ለመስጠት ምክንያቱ በቂ ነበር።

የጃፓኑ ካዋሳኪ ኩባንያ በ1969 በፈቃድ ተመሳሳይ ሮቦት ማምረት ጀመረ። በ1970ዎቹ የአውሮፓ አምራቾች በኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀሱና በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ሮቦቶችን ለገበያ ሲያቀርቡ፣ የመኪና አካል ብየዳና ቀለም ቅብ የሮቦት ዋነኛ የሥራ መስክ ሆነ። በ2005 በዴንማርክ ኦደንሴ ከተማ የተመሠረተው ዩኒቨርሳል ሮቦትስ ደግሞ በ2008 ከሰው ጎን ተባብሮ ሊሠራ የሚችል ቀላል የሮቦት ክንድ ለሽያጭ አቀረበ። ይህም በአጭር አጠራር «ኮቦት» የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ መካከለኛና አነስተኛ ፋብሪካዎች ወደ ዘርፉ እንዲገቡ በር ከፍቷል።

3. የሮቦቶች ብዛትና ሥርጭት

መቀመጫውን በጀርመን ፍራንክፈርት ያደረገው ዓለም አቀፍ የሮቦቲክስ ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሚያወጣው መረጃ መሠረት፣ በ2024 በዓለም ፋብሪካዎች 542,000 ያህል አዳዲስ የኢንዱስትሪ ሮቦቶች ተተክለዋል። ይህ ቁጥር ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ነው። በሥራ ላይ ያሉት የኢንዱስትሪ ሮቦቶች አጠቃላይ ብዛትም ወደ 4.66 ሚሊዮን ደርሷል።

ዕድገቱ በሁሉም አገሮች እኩል አይደለም። በ2024 ከተተከሉት አዳዲስ ሮቦቶች ውስጥ 74 በመቶ ያህሉ በእስያ፣ 16 በመቶ በአውሮፓ፣ 9 በመቶ ደግሞ በአሜሪካ አህጉራት ሥራ ላይ ውለዋል። ቻይና ብቻዋን 295,000 ያህል፣ ማለትም ከዓለም ጠቅላላ ተከላ 54 በመቶውን ወስዳለች። ጃፓን፣ ዩናይትድ ስቴትስ፣ ደቡብ ኮሪያና ጀርመን ይከተሏታል። በቻይና ገበያ የአገር ውስጥ አምራቾች ድርሻም 57 በመቶ የደረሰ ሲሆን፣ ከውጭ አቅራቢዎች የበለጠ ሲሸጡ ይህ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

አገሮችን በተሻለ ሁኔታ ለማነጻጸር የሚያገለግለው መለኪያ የሮቦት ጥግግት ይባላል። ይህም በማምረቻው ዘርፍ ለ10,000 ሠራተኞች ስንት ሮቦት እንዳለ የሚያሳይ ነው። በ2023 የዓለም አማካይ 162 ሲሆን፣ የጥቂት አገሮች መጠን እንደሚከተለው ነበር፦

• ደቡብ ኮሪያ፦ 1,012
• ሲንጋፖር፦ 770
• ቻይና፦ 470
• ጀርመን፦ 429
• ጃፓን፦ 419
• ዩናይትድ ስቴትስ፦ 295

በዘርፍ ሲታይ የመኪናና የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪዎች በጋራ ከዓመታዊው ተከላ ግማሽ የሚጠጋውን ይወስዳሉ። የብረታ ብረትና የማሽን ሥራ በሦስተኛ ደረጃ ይገኛል።

4. አንድ ድርጅት ሮቦት የሚገዛው መቼ ነው?

ሮቦት ለመግዛት የሚያስብ ድርጅት በመጀመሪያ የሚያሰላው ያወጣው ገንዘብ በስንት ዓመት እንደሚመለስ ነው። ስሌቱ የሚከተሉትን ነጥቦች ያካትታል።

ሀ. ጠቅላላ የተከላ ወጪ፦ የሮቦቱ ክንድ ከወጪው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። የእጅ ጫፍ መያዣ፣ የመከላከያ አጥር፣ ዳሳሾች፣ ማጓጓዣ ቀበቶ፣ ፕሮግራምና የምሕንድስና አገልግሎት ሲደመሩ ጠቅላላ ወጪው ከክንዱ ዋጋ በእጅጉ ይበልጣል።

ለ. የሥራ ማስኬጃ ወጪ፦ ኤሌክትሪክ፣ መለዋወጫ፣ ጥገና፣ የሠለጠነ ቴክኒሻን ደመወዝና የብድር ወለድ በየዓመቱ ይወጣሉ።

ሐ. የሚተካው የጉልበት ዋጋ፦ ሮቦቱ የሚያከናውነውን ሥራ በሰው ለማሠራት የሚወጣው ደመወዝና ልዩ ልዩ ክፍያ ነው።

መ. የሥራ ሰዓት፦ ሮቦት በአንድ ፈረቃ ብቻ ከሠራ ወጪውን ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ በሁለትና በሦስት ፈረቃ ሲሠራ ጊዜው ያጥራል።

ሠ. የምርት ጥራትና ብክነት፦ ጥራቱ ወጥ የሆነ ብየዳ ወይም ቀለም ቅብ የሚጣል ምርትን ስለሚቀንስ በስሌቱ ውስጥ ይገባል።

የሚከተለው ምሳሌ ስሌቱን ለማስረዳት የቀረበ ሲሆን፣ አኃዞቹ ለማብራሪያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንድ የብየዳ ሮቦት ከነሙሉ ተከላው 140,000 ዶላር ቢፈጅ፣ በዓመትም 10,000 ዶላር የማስኬጃ ወጪ ቢኖረውና በሁለት ፈረቃ የሁለት ሠራተኞችን ሥራ ቢሠራ፣ የአንድ ሠራተኛ ዓመታዊ ወጪ 40,000 ዶላር በሆነበት አገር ድርጅቱ በዓመት 80,000 ዶላር የጉልበት ወጪ ይቀንሳል። የማስኬጃው ወጪ ሲቀነስ 70,000 ዶላር ይተርፋል። ስለዚህ የተከላው ገንዘብ በሁለት ዓመት ይመለሳል። የአንድ ሠራተኛ ዓመታዊ ወጪ 2,000 ዶላር በሆነበት አገር ግን የሚቀነሰው የጉልበት ወጪ 4,000 ዶላር ብቻ ነው፤ ይህም የሮቦቱን የማስኬጃ ወጪ እንኳን አይሸፍንም። በዚህ ሁኔታ ድርጅቱ ሮቦቱን ሊገዛ የሚችለው ገዢው የሚጠይቀውን ጥራት በሰው እጅ ማሟላት ሲያቅት ወይም ሥራው ለጤና አደገኛ ሲሆን ነው።

ሮቦቶች ደመወዝ ከፍተኛ በሆነባቸውና የሠራተኛ እጥረት ባለባቸው አገሮች የተከማቹበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በጃፓን ለምሳሌ በሥራ ዕድሜ ላይ የሚገኘው ሕዝብ ቁጥር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እየቀነሰ መጥቷል። በቻይናም የደመወዝ መጨመርና በ2015 ይፋ የሆነው «በቻይና የተሠራ 2025» የተሰኘው የኢንዱስትሪ ፖሊሲ ሮቦትን ለማስፋፋት አስተዋጽኦ አድርገዋል።

ስሌቱ በአንድ ቦታ ቆሞ የሚቀር አይደለም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ጌዮርግ ግሬትዝና ጋይ ማይክልስ እንዳሳዩት፣ በስድስት የበለጸጉ አገሮች የሮቦት ዋጋ ከ1990 እስከ 2005 ባለው ጊዜ በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ የጥራት መሻሻሉ ሲታሰብ ደግሞ ቅናሹ ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። ዋጋው እየወረደ በሄደ ቁጥር ትናንት ያላዋጣ ሥራ ነገ ሊያዋጣ ይችላል።

5. ለሮቦት አስቸጋሪ የሆኑ ሥራዎች

ሮቦት በቀላሉ የሚሠራው ቅርጹ የማይለወጥ ዕቃ፣ በታወቀ ቦታና በማይለዋወጥ ቅደም ተከተል ሲቀርብለት ነው። ጨርቅ ግን ይታጠፋል፣ ይለጠጣል፣ ይንሸራተታል። ልብስ ሰፊ ሁለት ቁራጭ ጨርቆችን በጣቷ እያስተካከለች በመርፌው ሥር የምታሳልፍበት ቅልጥፍና ለማሽን እስካሁን እጅግ ከባድ ነው። በዚህም ምክንያት የልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ በአብዛኛው በሰው እጅ የሚሠራ ሆኖ ቆይቷል።

የስፖርት ጫማ አምራቹ አዲዳስ «ስፒድፋክተሪ» ብሎ የሰየማቸውን በከፍተኛ ደረጃ በአውቶማቲክ ማሽን የሚሠሩ ሁለት ፋብሪካዎች በጀርመን አንስባክና በአሜሪካ አትላንታ አቋቁሞ ነበር። ዓላማው ምርቱን ወደ ደንበኞቹ ማቅረብ ነበር። ይሁን እንጂ ኩባንያው በ2019 ፋብሪካዎቹን እንደሚዘጋና ቴክኖሎጂውን በእስያ በሚገኙ አቅራቢዎቹ ዘንድ እንደሚጠቀምበት አስታወቀ። ይህ ተሞክሮ የሚያሳየው አንድ ምርት በማሽን ሊመረት መቻሉ ብቻ ኢንዱስትሪውን ከቦታ ወደ ቦታ ለማዛወር በቂ እንዳልሆነ ነው።

6. የአገልግሎት ሮቦቶች

የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን መረጃ እንደሚያመለክተው በ2024 ወደ 200,000 የሚጠጉ ለሙያ አገልግሎት የሚውሉ ሮቦቶች ተሽጠዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጋዘንና በትራንስፖርት ሥራ የተሰማሩ ናቸው። አማዞን ኪቫ ሲስተምስ የተባለውን የመጋዘን ሮቦት አምራች በ2012 በ775 ሚሊዮን ዶላር የገዛ ሲሆን፣ በ2025 በመጋዘኖቹ ያሰማራቸው ሮቦቶች አንድ ሚሊዮን መድረሳቸውን ገልጿል። በእነዚህ መጋዘኖች ሮቦቱ መደርደሪያውን ወደ ሠራተኛው ያመጣል፤ ዕቃ የመምረጡና የማሸጉ ሥራ ግን አሁንም በአብዛኛው በሰው እጅ ይከናወናል።

በሕክምናው ዘርፍ «ዳ ቪንቺ» የተባለው የቀዶ ሕክምና ሮቦት በ2000 በዩናይትድ ስቴትስ የአጠቃቀም ፈቃድ አግኝቷል። ይህ መሣሪያ በራሱ አይወስንም፤ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ የሚመራው ሐኪሙ ነው።

በቤት ውስጥ በስፋት የተሠራጨው በ2002 ለገበያ እንደቀረበው «ሩምባ» ያለ ወለል ጠራጊ ሮቦት ነው። ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጣጠፍ፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን መንከባከብ ግን እንደየቤቱና እንደየሰዓቱ የሚለዋወጡ ተግባራት በመሆናቸው ለሮቦት አዳጋች ናቸው። ለቤት ውስጥ ሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን የሚያከናውኑት አብዛኛው ሥራ ከዚህ ዓይነት ይመደባል።

በአሁኑ ወቅት አንዳንድ አቅራቢዎች ሮቦትን ከመሸጥ ይልቅ በወር ወይም በሰዓት ያከራያሉ። ይህ አሠራር ከፍተኛ የመነሻ ገንዘብ ለሌላቸው ድርጅቶች አማራጭ ይሰጣል።

7. በሥራ ስምሪት ላይ የታየ ውጤት

ሮቦት በሥራ ላይ ያለው ተጽዕኖ በጥናት ሲታይ መልሱ አንድ ወጥ አይደለም።

ግሬትዝና ማይክልስ ከ1993 እስከ 2007 ባለው ጊዜ 17 አገሮችን አጥንተው በ2018 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሮቦቶች ለዓመታዊ የሠራተኛ ምርታማነት ዕድገት 0.36 በመቶኛ ነጥብ ያህል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ አመልክተዋል። በጠቅላላ የሥራ መጠን ላይ ጉልህ ቅናሽ አላገኙም፤ ይሁን እንጂ አነስተኛ ክህሎት ያላቸው ሠራተኞች ድርሻ መቀነሱን ገልጸዋል።

ዳሮን አሴሞግሉና ፓስኳል ሬስትሬፖ በዩናይትድ ስቴትስ ላይ አተኩረው በ2020 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ ለ1,000 ሠራተኞች አንድ ሮቦት ሲጨመር ሥራ ያለው ሕዝብ ድርሻ በ0.2 በመቶኛ ነጥብ፣ ደመወዝም በ0.42 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝተዋል። በጀርመን የተደረገ ጥናት በበኩሉ በፋብሪካ የጠፉት ሥራዎች በአገልግሎት ዘርፍ በተፈጠሩ ሥራዎች መካካሳቸውን ያሳያል።

ከእነዚህ ጥናቶች መረዳት የሚቻለው አገር በአጠቃላይ ቢጠቀምም ጉዳቱ በተወሰኑ አካባቢዎችና በተወሰኑ ሠራተኞች ላይ ሊያርፍ እንደሚችል ነው። ለዓመታት አንድ ዓይነት ተደጋጋሚ ተግባር ሲሠራ የቆየና ሌላ ሥልጠና ያላገኘ ሠራተኛ ከሁሉም በላይ ተጋላጭ ነው። አዲሱ ሥራ የሚፈጠረው በሌላ ከተማ ወይም በሌላ ሙያ ከሆነ፣ የመሸጋገሪያ ሥልጠና ካልቀረበለት በስተቀር ዕድሉ ለእርሱ አይደርሰውም።

8. የሥራ ላይ ደኅንነት

ሮቦት በፍጥነትና በከፍተኛ ኃይል ስለሚንቀሳቀስ ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። በሮቦት ምክንያት የሰው ሕይወት መጥፋቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1979 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ነው። የኢንዱስትሪ ሮቦቶችን ደኅንነት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይ.ኤስ.ኦ. 10218 ሲሆን፣ ከሮቦት ጋር የሚሠሩ ሠራተኞች የሚከተሉትን መሠረታዊ ጥንቃቄዎች ማወቅ ይኖርባቸዋል፦

• ሮቦቱ በሚንቀሳቀስበት ክልል ውስጥ ኃይሉ ሳይቋረጥና ሳይቆለፍ አለመግባት፤
• የቆመ የሚመስል ሮቦት ትእዛዝ እየጠበቀ ሊሆን እንደሚችል ማስታወስ፤
• የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፎች የሚገኙበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ፤
• የመከላከያ አጥርን ወይም ዳሳሽን ሥራ ለማፋጠን ብሎ አለማሰናከል።

9. ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

ኢትዮጵያ አብዛኛው ሕዝቧ ወጣት የሆነ አገር ናት። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክና ሌሎች ፓርኮች በርካታ ሠራተኛ በሚጠይቁ እንደ ልብስ ስፌት ባሉ ሥራዎች ላይ አተኩረው የተገነቡ ናቸው። ከላይ በተገለጹት ሁለት ምክንያቶች፣ ማለትም በጉልበት ዋጋና በጨርቅ ሥራ አስቸጋሪነት የተነሳ፣ የስፌት ሥራ በሮቦት ከሚተኩት ግንባር ቀደም ሥራዎች መካከል አይደለም። ሆኖም ጨርቅ መቁረጥ፣ ማጓጓዝ፣ ማሸግና መደርደር ለማሽን ይበልጥ ምቹ በመሆናቸው ለውጡ ከእነዚህ ሊጀምር ይችላል።

ሮቦት ለማስገባት ለሚያስቡ አሠሪዎች ከማሽኑ ዋጋ በተጨማሪ የመለዋወጫ የውጭ ምንዛሪ፣ የኤሌክትሪክ አቅርቦት አስተማማኝነትና በአቅራቢያ የሚገኝ የጥገና ባለሙያ መኖር ወሳኝ ናቸው። ቴክኒሻን ባለመኖሩ ለሳምንታት የቆመ ሮቦት ኪሣራ እንጂ ትርፍ አያስገኝም።

ለሥራ ፈላጊው ዕድል የሚከፈተውም በዚሁ ክፍተት ነው። ሮቦት በገባበት ሁሉ የሚተክለው፣ ፕሮግራም የሚያደርገው፣ የሚጠግነውና የሚቆጣጠረው ሰው ያስፈልገዋል። ለዚህም የሚከተሉት ሙያዎች መሠረት ይሆናሉ፦

• የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክና የሞተር ቁጥጥር፤
• በታመቀ አየርና በፈሳሽ ግፊት የሚሠሩ መሣሪያዎች ጥገና፤
• የማሽን መቆጣጠሪያ መሣሪያዎችን (ፒ.ኤል.ሲ.) ፕሮግራም ማድረግ፤
• ብየዳና የብረታ ብረት ሥራ፣ ጥሩ ብየዳን የሚያውቅ ባለሙያ የብየዳ ሮቦትንም በትክክል ሊያስተካክል ስለሚችል፤
• የቴክኒክ ሥዕል ማንበብና መሠረታዊ የኮምፒዩተር ዕውቀት።

እነዚህ ሙያዎች ሮቦት በሌለባቸው ፋብሪካዎችም ተፈላጊ ናቸው። አውቶማቲክ የመሙያና የማሸጊያ መስመር ያላቸው የመጠጥና የምግብ ፋብሪካዎች ዛሬም ይፈልጓቸዋል። በመሆኑም ሥልጠናውን የሚወስድ ሰው የሮቦቶችን መምጣት ሳይጠብቅ ሊሠራበት ይችላል።

ሥልጠና ከመምረጥ አስቀድሞ አንድ ሰው ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሳ ይጠቅመዋል፦ ሥራው ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ የሚደጋገምበት ነው ወይስ በየጊዜው ውሳኔ የሚጠይቅ? የሚነካው ዕቃ ቅርጹ የማይለወጥ ነው ወይስ የሚለዋወጥ? ክህሎቱ ማሽን ሲገባ ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚያድግ ነው ወይስ በማሽኑ የሚተካ?

ማጠቃለያ

የሮቦቶች ቁጥር ማደጉ የማይካድ ሐቅ ሲሆን፣ ዕድገቱ በጥቂት አገሮችና በተወሰኑ ዘርፎች ተከማችቶ ይገኛል። የሮቦት መስፋፋት ፍጥነት በደመወዝ፣ በማሽን ዋጋ፣ በሥራው ጠባይና በባለሙያ መኖር ይወሰናል። የጉልበት ዋጋ ዝቅተኛ መሆኑ ለጊዜው ሥራን ከሮቦት ሊጠብቅ ይችላል፤ የማሽን ዋጋ እየቀነሰ በሄደ ቁጥር ግን ይህ ጥበቃ እየሳሳ ይሄዳል። ለሠራተኛው ዘላቂ ዋስትና የሚሆነው ክህሎት ሲሆን፣ ለመማር የተሻለው ጊዜም ሥራው ገና በእጅ ሳለ ነው።